ጡቴን የጠባ ብቻውን አይበላም

እትዬ ዘሃራ ወደ አኼራ መሄዳቸውን የነገረኝ ሁሴን ነው። ደብረ ብርሃን፣ ቤቴ ተቀምጬ የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ሳርም ስልኬ ጠራ። ድምፁ ተሰባብሮ «እማ ሄደችብኝ፣ መምህር» አለኝ። ቀብሩ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት በፊት ስለሚፈጸም እንደማልደርስ ሳንነጋገር ገባን። ከዚያ ሁሴን አፍንጫውን እየጠረገ «ደግሞ አንድ ችግር ገጥሞናል» አለ። «ለቀስተኛው ሁሉ ‘እናቴን፣ እናቴን’ እያለ ነው የሚያለቅሰው። ድንኳኑ ውስጥ ልጅ ያልሆነ ሰው ጠፍቶ፣ ለሐዘንተኛው ተነስቶ ውሃ የሚያቀርብ አጣን።»

በሐዘን ላይ መሳቅ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ሳቅን፤ መጀመሪያ የሳቀው እሱ ይመስለኛል።

ሸዋሮቢት የሄድኩት ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ ዓመት፣ የባዮሎጂ መምህር ሆኜ ነው። የእትዬ ዘሃራን አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ግቢያቸው መካከል አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ነበር፤ ቆርቆሮው በቀትር ሲንተከተክ ነፍስ ያለው ሁሉ ወደዚያ ጥላ ይሰደዳል። እትዬ ዘሃራን ሳስብ ሁልጊዜ ከጥላው ሥር ቆመው ማሾ ሲያበጥሩ ነው የሚታዩኝ። ረጅም ሴት ነበሩ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ሁሴን ግን ከደረቱ አያልፉም ነበር ብሎ ይምላል። ምናልባት እኔ ቁጭ ብዬ፣ እሳቸው ቆመው ስለምናወራ ይሆናል። ጥርሶቻቸው ጥቂት እንደነበሩ ግን አልጠራጠርም፤ ያሉትንም ቢሆን ለሳቅ እንጂ ለማኘክ አያውሏቸውም ነበር።

የወለዷቸው ልጆች አልቆሙላቸውም። ልጁ ሲሄድ ወተቱ ይቀራል። ወባ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ የቆላውን እናቶች አልጋ ላይ በምትጥልበት በዚያ ዘመን፣ እትዬ ዘሃራ የጎረቤቱን ሕፃን እስላም ክርስቲያን ሳይሉ እያቀፉ አጠቡ። ሁሴን ከእነዚህ አንዱ ነው። እናቱ እሱን ወልዳ አልተነሳችም፤ አባቱ ሌላ አግብቶ ወደ ካራቆሬ ሲሄድ ልጁ እዚያው ኒሙ ሥር ቀረ። አድጎ ባጃጅ ነጂ ከሆነም በኋላ ከግቢው አልወጣም። የእሳቸውን ምሳ ሳያይ ወደ ሥራ አይመለስም፤ ሲታመሙም ተሳፋሪ አራግፎ የሚመጣ ልጅ ነበር።

እትዬ ዘሃራ አንድ የማይናወጥ እምነት ነበራቸው። የሰው መልካምነት የሚመጣው ከጡት ነው፤ ያውም ከእሳቸው ጡት። «ጡቴን የጠባ ብቻውን አይበላም» ይሉ ነበር። በከተማው አንድ በጎ ሥራ በተሰማ ቁጥር የአድራጊውን ስም ይጠይቁና ሰፌዳቸውን አንዴ መታ አድርገው «ምን ይገርማል! ጡቴን ጠብቶ ነው!» ይላሉ። አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ የተመደበ ነርስ አንዲት አቅመ ደካማ ሴት አዝሎ ቤቷ ድረስ ማድረሱ ተወራ። ያው ፍርድ ተሰጠ። እኔም «እትዬ ዘሃራ፣ ሰውየው እኮ የጎጃም ልጅ ነው፤ ከመጣ ወሩም አይደል» አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና «እናቱ በዚህ በኩል ሲያልፉ አስጠብተውት ይሆናል» አሉ።

የቀትሩ ጥላ ሌላም ባለድርሻ ነበረው፤ የቁርዓን አስተማሪው ሼኽ አደም። ከእትዬ ዘሃራ ጋር አብሮ አደጎች ናቸው። እሳቸው እትዬ ዘሃራን በስማቸው «ዘሃራ» ብለው ሲጠሩ፣ እትዬ ዘሃራ ግን ለማዕረጉ ሲሉ፣ ይልቁንም ለማሽሟጠጥ ይመስለኛል፣ «አንቱ ሼኽ» ይሏቸዋል። ሼኽ አደም ከዙህር ሶላት ሲመለሱ ኒሙ ሥር አረፍ ይላሉ፤ እኔም ከትምህርት ቤት እመጣለሁ። የሰው ልጅ ክፉና ደጉን ከየት እንዳወቀው ለመከራከር በቂ ሙቀትና በቂ ሥራ መፍታት ነበረን።

«ሰው ፈጣሪውን ባይፈራ እርስ በርሱ ይበላላ ነበር» ይላሉ ሼኹ።

«ጦጣ መቼ ቁርዓን ቀራች፣ ሼኽ?» እላለሁ እኔ፣ ከዩኒቨርሲቲ ይዤው የመጣሁትን ዕውቀት ገና ሳላራግፍ። «ጦጣ እንኳ የጓደኛዋን ቅማል ትለቅማለች። በዘሯ ያለ ነገር ነው። እኛም መተዛዘኑን የወረስነው በደም ነው።»

«የለቀመችውንስ ምን ታደርገዋለች?»

«ትበላዋለች።»

«ታዲያ ያ ምሳ ነው እንጂ ሰደቃ ነው?»

እትዬ ዘሃራ ገለባውን ወደ እኛ አቅጣጫ እያበነኑ ጣልቃ ይገባሉ። «ሁለታችሁም አልደረሳችሁበትም። አንቱ ሼኽ፣ ሃይማኖት ነው ካሉ ከመስጊድ ደጃፍ ጫማ የሚጠፋው ለምንድን ነው? ሌባውም እኮ አብሮ ሰግዶ የወጣ ነው። የእናንተም ቤተ ክርስቲያን ያው ነው፣ አንተ ልጅ፤ ዝም ብለህ አትሳቅ። ደግሞ ደም ነው ካልክ እነዚያን ከወንዙ ማዶ ያሉትን ወንድማማቾች እያቸው። ካንድ ማህፀን ወጥተው አንዱ አዛን ይላል፤ አንዱ የሰው የመስኖ ውሃ ወደ ራሱ ሽንኩርት ይጠልፋል።»

«ታዲያ ምንድን ነው ልዩነቱ?» እላለሁ።

«ጡት ነዋ! አዛን የሚለው የእኔን ጠብቷል።»

«ውሃ ጠላፊውስ?» ይላሉ ሼኽ አደም።

«እሱም ጠብቷል።»

«እና?»

«ግራውን ነው።»

ውድቅ የሚሆንበት መንገድ የሌለው ሐሳብ ሳይንስ እንዳልሆነ ተምሬ ነበር። ይህን ለእትዬ ዘሃራ ለማስረዳት ሞክሬያለሁ። «እንኳንም አልሆነ» ብለውኛል።

ነገሩ ሁሉ ቀልድ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ራውዳ ባትመጣ።

ራውዳ ከዋናው መንገድ ዳር ፎቶ ኮፒ የምታነሳ ልጅ ናት። አንድ የቀወት ወረዳ ገበሬ ስልኩን ሱቋ ጠረጴዛ ላይ ረስቶ ሄደ። በገበያ ቀን፣ ሰው ተሰልፎ ሳለ፣ ሱቋን ዘግታ መጀመሪያ በባጃጅ፣ መንገዱ ሲያልቅ ደግሞ በእግሯ እስከ ማሽላ ማሳው ድረስ ሄዳ ሰጠችው። ወሬው ኒሙ ሥር ሲደርስ እትዬ ዘሃራ ሰፌዳቸውን መታ አደረጉ። «ምን ይገርማል! ጡቴን ጠብታ ነው!» እኔም ሼኽ አደምም ሰምተናል። በማግሥቱ ገበያውም ሰማ። ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

ጥቂት ወራት አለፉ። ሁሴን ሽማግሌ ልኮ ራውዳን አስጠየቀ። እናቷ እትዬ መዲና ባላቸው ከሞተ ወዲህ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ በቀላሉ እጅ የማይሰጡ ሴት ነበሩ፤ ለሁሴን ግን እሺ አሉ። የኒካሁ ቀን ተቆረጠ። ኒካሁን የሚያስሩት ሼኽ አደም ናቸው። አንድ ቀትር፣ ስለ ሠርጉ እያወራን ሳለ፣ የሼኹ መቁጠሪያ፣ ሙስባሃቸው፣ በድንገት እጃቸው ላይ ቆመ።

«ዘሃራ» አሉ፣ «ሁሴንን አጥብተሻል።»

«ማን ያላወቀው!»

«ራውዳንም አጥብተሻል።»

ሰፌዱ ቆመ።

በእስልምና ካንድ ጡት የጠቡ ሁለት ሰዎች ወንድምና እህት ናቸው፤ ኒካህ አይታሰርላቸውም። እትዬ ዘሃራ ከሼኹ ይበልጥ ያውቁታል፤ ስንቱን ጋብቻ «እነዚህማ የጡት ልጆቼ ናቸው» ብለው ገና በወሬ ደረጃ ሳለ አስቀርተዋል። አሁን ግን አዎንም አይደለምም አላሉም። «ዘመኑ ርቋል» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

እትዬ መዲና ተጠሩ። «እኔን ምን ትጠይቁኛላችሁ?» አሉ፣ እጃቸውን እያማቱ። «በአራስነቴ ወባ ይዞኝ ሰማይና ምድሩን አላውቅም ነበር። ሕፃኗን ጎረቤት ሲቀባበላት ነው የሰነበተች። ማን እንዳጠባት ማን ይጠይቃል? በሕይወት ማግኘቴም ተመስገን ነው!» ነገሩ ሁሉ እትዬ ዘሃራ አፍ ላይ ወደቀ። ሁሴን ባጃጁን ኒሙ ሥር አቁሞ ሥራ ተወ። «እማ፣ አስታውሺ» ይላቸዋል በየሰዓቱ። «እማ፣ እባክሽ አስታውሺ።» እሳቸውም አይኑን አያዩም።

በሁለተኛው ቀን ይሁን በሦስተኛው፣ እትዬ ዘሃራ አንድ ዘዴ ይዘው ብቅ አሉ። «ሰው ይረሳል፤ ወተት አይረሳም» አሉ። «ልጅቷ ጡቴን ጠብታ ከሆነ ብቻዋን መብላት አትችልም። ጥንቅሽ እንስጣትና እንያት። ብቻዋን ከበላች አላጠባኋትም ማለት ነው። ሼኽም ኒካሁን ይሰሩ።»

«ሸሪዓ በማሽላ አገዳ አይፈርድም!» አሉ ሼኽ አደም ቱግ ብለው። ቀጥለው ግን፣ ለሁሴን ማዘናቸው ፊታቸው ላይ እየተነበበ፣ «እኔ የምፈልገው ምስክርነትሽን ነው። ለማስታወስ የሚረዳሽ ከሆነ ጥንቅሽም ቢሆን ይምጣ። እስከ ጁምዓ እጠብቃለሁ» አሉ።

«አንተ ደግሞ የሳይንስ ሰው ነህ» አሉኝ እትዬ ዘሃራ ወደ እኔ ዞረው። «ቁጭ ብለህ ትታዘባለህ።»

የፈተናው ትርጉም የገባን ዘግይቶ ነው። ጋብቻው እንዲጸና ሙሽራይቱ ስስታም ሆና መገኘት ነበረባት። እትዬ መዲና ወዲያው ገበያ ወጥተው የልጃቸውን ስም ማጥፋት ጀመሩ። «ልጄ እኮ ለወፍ ፍርፋሪ አትጥልም! ከእኔ ከእናቷ እንኳ ሻይ ትደብቃለች!» ይህን የሚሰሙ የሽንኩርት ነጋዴዎችም «ማሻአላህ፣ አላህ ይጨምርላት» ይላሉ። በኮፒ ቤቷ ደጃፍ የሚያልፍ ሁሉ «አይዞሽ፣ ጨክኚ!» እያለ ያበረታታታል። ሁሴን ሲሰግድ ከኋላው የነበሩ ሰዎች፣ «ያ ረቢ፣ ስስታም አድርግልኝ» ሲል ሰምተነዋል ብለው አወሩ። ሼኽ አደም «ሚስቱ ቆንቋና እንድትሆንለት ዱዓ የሚያደርግ ባል ሳይ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ሐሙስ መሆኑን የማውቀው በማግሥቱ ጁምዓ ስለነበረ ነው፣ ራውዳ ከእናቷ ጋር መጣች። እትዬ ዘሃራ አንድ እስር ጥንቅሽ አስታቅፈው ኒሙ ሥር ምንጣፍ ላይ አስቀመጧት። እኔ በግራዋ፣ ሼኽ አደም በቀኟ፣ እትዬ ዘሃራ ፊት ለፊቷ ተቀመጥን። ሁሴን በሩ ላይ፣ ባጃጁ ውስጥ ጭንቅላቱን መሪው ላይ ደፍቶ ነበር።

ልጅቷ ተዘጋጅታ መጥታለች። አንገቷን ሳታቀና የመጀመሪያውን አገዳ በጥርሷ ላጠች፣ ገመጠች፣ መጠጠች፣ ምጣጩን ተፋች። ፊቷ የሰው ሀቅ እንደሚበላ ሰው ጨፍግጓል። ሁለተኛውን አነሳች። እኔ ምራቄን ዋጥኩ፤ ድምፁ ተሰማ። ቀና አላለችም። ሼኽ አደም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አላየቻቸውም። እትዬ መዲና ከኋላ ሆነው በኩራት «አላልኳችሁም?» አሉ።

እዚህ ላይ አንዲት ፍየል መጥታ ነበር። ሁሴን ፍየል አልነበረችም ይላል፤ እኔ ግን ራውዳ ሳታስበው ልጣጩን ገፋ አድርጋ ስትሰጣት የተነሳውን ክርክር አስታውሳለሁ። ሼኹ «ለእንስሳም ቢሆን ሰደቃ ሰደቃ ነው» ሲሉ፣ እትዬ መዲና «ልጣጭ ምኑ ነው ሰደቃው! መጥረጊያ መቆጠብ ነው!» ብለው ተቆጡ። ታዛቢ ተብዬው እኔም ልጣጩ እንዳይቆጠር ወሰንኩ። ያለ ፍየል ይህን ሁሉ ልፈለስፈው እችላለሁ? ምናልባት። አሁን አሁን የማስታውሰውንና ብዬ ብዬ የለመድኩትን መለየት ይከብደኛል።

ቀጥሎ የሆነውን ግን ሁሴንም እኔ እንዳየሁት ነው የሚናገረው። ራውዳ ሦስተኛውን አገዳ ስትልጥ ዓይኗ በድንገት እትዬ ዘሃራ ላይ አረፈ። አሮጊቷ እጃቸውን አጣጥፈው፣ ከንፈራቸውን ወደ ውስጥ ሰብስበው፣ ሳያውቁት ከእሷ ጋር አብረው ባዶ አፋቸውን እያላመጡ ነበር። ልጅቷ መላጡን አቆመች። አገዳውን አየች፤ በሩን አየች። ከዚያ ቢላ ከሰፌዱ ላይ አንስታ ከጥንቅሹ ልቡን፣ በጣም የለሰለሰውን ክፍል፣ እንደ ጣት ጥፍር አሳንሳ ቆራረጠችና በሁለት እጇ ይዛ ተንበረከከች።

«እትዬ ዘሃራ፣ ይህ ጥርስ አይፈልግም፤ ምጥጥ ያድርጉት» አለች። እንባዋ ከንግግሯ ቀድሞ ወርዷል፤ ወደ እናቷ ዞረች። «ይቅር በሉኝ፣ እማዬ። አልዋጥ አለኝ።»

እትዬ መዲና «ወይኔ ልጄን!» ብለው ራሳቸውን ያዙ። በሩ ላይ የባጃጁ ጥሩምባ አንድ ጊዜ ረጅም ጮኸ፤ ሁሴን ግንባሩን ጥሎበት ነው።

እትዬ ዘሃራ ቁራሹን ተቀብለው አፋቸው ውስጥ አኖሩት። ረጅም ጊዜ መጠጡት። እኛም የሰው ዕድል ሲመጠጥ ተመለከትን።

«አንቱ ሼኽ» አሉ በመጨረሻ። «እቺን ልጅ አላጠባኋትም።»

«ምን ማለትሽ ነው? በራስሽ ሚዛን እኮ ልጅሽ ሆና ወጣች!»

«ሚዛኑ ይሰበር። ወላሂ አላጠባኋትም። በዚያ ክረምት እኔ አጣዬ፣ እህቴን ሳስታምም ነው የከረምኩት። ለጋ እሸት ደርሶ ነው የተመለስኩት። አንቱም ያውቃሉ፤ በዚያ ጊዜ ቤቴ ተዘግቶ ዶሮዎቼን የጠበቁልኝ የእርስዎ እናት ናቸው።»

ሼኽ አደም ወደ ኒሙ ቅጠል አንጋጠው ዓመቱን ቆጠሩ። «ዶሮዎቹ…» አሉ፣ «አዎን። እውነት ነው። አንዷ ጠፍታብን ተጣልተናል።» ከዚያ ድምፃቸውን አጠንክረው «ታዲያ ያልሆነ ነገር አስወርተሽ፣ ይህን ሁሉ ሰው ያስጨነቅሽው ለምንድን ነው? ጥንቅሹስ?» አሉ።

«ጥንቅሹማ ብቻዋን ብትበላልኝ ‘ተሳስቼ ነው’ ብዬ በክብር ልወጣ ነበር» አሉ እትዬ ዘሃራ። ድምፃቸው ያን ጊዜ ቀነሰ። «ሰው ደግ ሲሠራ ስሰማ አፌ አያስችለኝም፣ አደም። የወለድኳቸው አልቆሙልኝም። የሰው ልጅ መልካም ሆኖ ባየው፣ ‘ይቺም የእኔ ናት’ ብል ማንን ይጎዳል ብዬ ነው።»

«አደም» ሲሏቸው ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሼኹም ከሰሙት የቆዩ ይመስለኛል፤ ለቁጣ የተነሳው ጣታቸው መንገድ ላይ ቀረ።

ቆይቼ የማፍርበትን ነገር ለመናገር ቸኩዬ፣ «ታዲያ ከደሟ ነው የመጣው ማለት ነዋ!» አልኩ። «አባቷ ደግ ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም።»

«አባቷ?» አሉ እትዬ መዲና። «አላህ ይማረውና፣ ጨው አበድሮ የማያውቅ ሰው!»

«እንግዲያው ቁርዓን የቀራችው እኔ ዘንድ ነው» አሉ ሼኽ አደም፣ ጢማቸውን እየደባበሱ።

ራውዳ እንባዋን በሻርፗ ጠረገች። «ሼኽ፣ ያ ውሃ ጠላፊውም እኮ አብሮኝ ነው የቀራ» አለች።

እትዬ ዘሃራ ሳቁ፤ ወዲያው ግን ሳቃቸውን ያዙት። «እናንተ ሰዎች፣ ከየትም ታምጣው!» አሉ። «እስከሚያልቅባት ድረስ ተዉላት።»

ሼኽ አደም ተነሱ። ጥርጣሬው እንደተነሳ፣ ኒካሁም በቀጠሮው ቀን እንደሚታሰር ተናገሩ። እትዬ መዲና እልልታቸውን ጀምረው ካጋመሱ በኋላ ገበያ ያወሩትን አስታውሰው «አሁን ልጄ ደግ መሆኗን ለስንቱ ልዞር ነው!» አሉ። ሁሉም መናገር ጀመረ። ሁሴን ግን ከባጃጁ ወርዶ በሩ ላይ ቆሟል። ራውዳን አላየም፤ የሚያየው እትዬ ዘሃራን ነው። ጢም ያወጣ፣ ጎረምሳ የሚፈራው ሰው ነበር፤ ፊቱ ግን ገበያ ውስጥ እናቱ ከእጁ ያመለጠችው ሕፃን ፊት ሆነ።

«እማ» አለ። «እኔስ?»

ጥያቄው ገብቶናል። አንዷን በአፋቸው ብቻ ልጅ ያደረጉ ሴት፣ ሌላውንስ?

እትዬ ዘሃራ ወደ እሱ ቀና ብለው ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት።

«አንተ?» አሉ። «አንተንማ ምን ብዬ እረሳሃለሁ! ጥርስ ባወጣህ ማግሥት እንዴት አድርገህ እንደነከስከኝ! ጩኸቴን የሰማው ሰፈርተኛ ቤት የተቃጠለ መስሎት ውሃ ተሸክሞ ነው የመጣ።»

ሁሴን ወደ ሼኽ አደም ዞረ።

«እመሰክራለሁ» አሉ ሼኽ አደም፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «እኔም ባልዲ ይዤ መጥቼ ነበር።»